በረራ ላመለጠው መንገደኛ ሰው መድቡለት

ለተከበራችሁ የአየር መንገዱ የመንገደኞች አገልግሎት ኃላፊዎች
ለተከበራችሁ የትኬት ሽያጭ ክፍል ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በረራ ስላመለጣቸው መንገደኞች ያወጣችሁትን መመሪያ ይመለከታል

ከሦስት ወር በፊት አንድ ገጽ ሰርኩላር ላካችሁልን። ሁለት ነገር ይላል። በረራ ያመለጠው መንገደኛ ትኬት ከእንግዲህ በወኪል ቢሮ አይስተካከልም፤ መንገደኛው ራሱ ወደ ጥሪ ማዕከላችሁ ይደውል። አውሮፕላን የሚቀይሩ መንገደኞች የሚቆዩበት የትራንዚት አዳራሽ የሌሊት ካውንተርም ተዘግቷል፤ በምትኩ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። ለምን እንደሆነ ሰርኩላሩ አይናገርም። ከመወሰናችሁ በፊት እኛንም ሆነ መንገደኞቹን የጠየቀ የለም።

እኛ ትኬት ቆራጮች ነን። በወኪል ቢሮ ተቀምጠን የእናንተን ወንበር የምንሸጥ ሠራተኞች። መንገደኛ በረራ ሲያመልጠው መጀመሪያ ለቤተሰቡ ይደውላል፤ ቀጥሎ ለእኛ። ስልኩን ስናነሳ ገና ሰላም ሳይለን ከትንፋሹ እናውቀዋለን። ሮጦ ነበር። ሻንጣ እየጎተተ፣ የጌቱን ቁጥር እየፈለገ፣ ሰው እየገፋና ይቅርታ እየጠየቀ ሮጦ ነበር። ሲደርስ ስክሪኑ «የመጨረሻ ጥሪ» ከሚለው ወደ «ተዘግቷል» ተቀይሯል። አውሮፕላኑ ግን ገና ቆሟል። በመስታወቱ ወለል ብሎ ይታያል። መሳፈሪያው ድልድይ እንኳ አልተላቀቀም። «እዚሁ ነው ያለው እኮ! እያየሁት ነው!» ይለናል። ይህችን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ሰምቻታለሁ። እስካሁን አልለመድኳትም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። በሩ ይከፈትልን አላልንም። በሩ ቀደም ብሎ የሚዘጋው በምክንያት መሆኑን ለደንበኞቻችን የምናስረዳው እኛው ነን። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት የሚንቀሳቀስበት ነው፤ መንገደኛ የሚገባበት አይደለም። ከዚያ በፊት የተሳፋሪው ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራል። የክብደት ሒሳቡ ይዘጋል። ያልተሳፈረ ሰው ሻንጣ ካለ ከጭነት ክፍሉ ተፈልጎ ይወርዳል። ይህ የሻንጣ ሕግ ጥብቅ የሆነው ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የኤር ኢንዲያ በረራ 182 ከካናዳ ወደ ለንደን ሲበር፣ ባለቤቱ ባልተሳፈረበት ሻንጣ ውስጥ የነበረ ቦምብ ፈንድቶ 329 ሰው አልቋል። በ1988 ደግሞ የፓን አም በረራ 103 በስኮትላንድ ሎከርቢ ላይ እንዲሁ በሻንጣ ቦምብ ወድቆ፣ መሬት ላይ ከነበሩት ጋር 270 ሰው ሞቷል። ይህን የሚያውቅ ሰው በአምስት ደቂቃ አይከራከርም። የእኛ አቤቱታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ስላለው ነገር ነው።

በረራ ካመለጠ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ሰዓት ብዙ ነገር ትወስናለች። ስለዚህ ለደንበኛ ትኬት ስንሰጥ አብረን የምንነግረው ምክር አለ። እንደማትደርስ ከገባህ፣ ታክሲ ውስጥም ብትሆን፣ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ደውል። ቀድሞ ያሳወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ትኬቱ ይቀየርለታል። ሳያሳውቅ የቀረ ግን ሲስተሙ ላይ «ኖ-ሾው»፣ ማለትም ሳይቀርብ የቀረ፣ ተብሎ ይመዘገባል፤ ቅጣቱም ይከብዳል። ካመለጠህም ከአውሮፕላን ማረፊያው አትውጣ። ቀጥታ ወደ ካውንተር ሂድ። በሚቀጥለው በረራ ላይ ወንበር ከሌለ ስታንድባይ፣ ማለትም ወንበር ከተገኘ ለመሳፈር ከሚጠብቁት ጋር፣ እንዲያስገቡህ ጠይቅ። ሻንጣህ ወርዶ እንደሆነና የት እንደምትወስደው ጠይቅ። መመለሻህ እንዳይሰረዝ አስመዝግብ። ቦርዲንግ ፓስህን እንዳትጥል። ደንግጠህ አዲስ ትኬት አትግዛ፤ መጀመሪያ የያዝከው ትኬት ምን ዋጋ እንደቀረው ይጣራ። ያመለጠህ ተያያዥ በረራ ከሆነ ደግሞ፣ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት የተቆረጡ መሆናቸውን እይ። በአንድ ትኬት ከሆኑና የዘገየው የመጀመሪያው አውሮፕላን ከሆነ፣ ወደ መዳረሻህ ማድረስ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። ሁለት የተለያየ ትኬት ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያውቀው መቅረትህን ብቻ ነው።

ምክሩ ይኸው ነው። ለዓመታት ሠርቷል። የሚሠራው ግን ካውንተሩ ላይ ትኬት የመቀየር ሥልጣን ያለው ሰው ሲኖር ነው። እናንተ ያነሳችሁት ደግሞ እሱን ነው።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ።

አንድ ተማሪ ነበር። ከአገር ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት ላይ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። መሀል ላይ ያለው ጊዜ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነበር። ራሳችሁ «ይበቃል» ብላችሁ ሲስተሙ ላይ ያስቀመጣችሁት ጊዜ ነው፤ የማይበቃ ቢሆን ኖሮ ሲስተሙ ትኬቱን አይቆርጥልኝም ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ዘገየ። ልጁ ወርዶ፣ ተፈትሾ፣ ጌቱ ጋ ሲደርስ ተዘግቷል። ትራንዚት አዳራሽ ሄደ። ካውንተሩ ጨለማ ነው። ሰሌዳው አለ። ሰሌዳው ላይ ያለው ደግሞ ነጻ የስልክ መስመር ነው። ነጻ መስመር ከሌላ አገር ሲም አልሠራ አለው። ይህን ሰሌዳውን ያዘጋጀው ሰው አላሰበበትም ማለት ነው። ትራንዚት አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሌላ አገር ሲም የያዘ ነው!

በዋይፋይ እኛ ጋ ደወለ። ትኬቱን ከፈትኩት። የሚቀጥለው በረራ አራት ሰዓት ቆይቶ ነው። ስክሪኑ 9 ወንበር ያሳያል፤ በእኛ ሲስተም 9 ማለት 9 ወይም ከዚያ በላይ ነው። በፊት ቢሆን ሦስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አሁን ግን ለውጡን ሳስገባ ሲስተሙ «አልተፈቀደም» አለኝ። በሌላ ስልክ ጥሪ ማዕከላችሁ ደወልኩ። ሃምሳ ደቂቃ ከጠበቅኩ በኋላ ያነሳው ሠራተኛ መንገደኛው ራሱ መደወል አለበት አለኝ። አይደርሰውም፣ መስመሩ ከዚያ አይሠራም አልኩት። ሌላ ቁጥር ሰጠኝ፤ ለልጁ ነገርኩት። ልጁ ሰው እስኪያገኝ ዘጠኙ ወንበር ያለበት በረራ ሄደ። 19 ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ አደረ፣ ዋለ። በዚያ ላይ የለውጥ ክፍያ ከእናቱ ካርድ ላይ ተቆረጠ። የዘገየው የእናንተ አውሮፕላን ሆኖ ሳለ።

ስለዚህ ጉዳይ ሕጉ ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ፤ ግን ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ መንገደኞችም ይወቁት። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 19 ዓለም አቀፍ በረራ ዘግይቶ መንገደኛ ለደረሰበት ጉዳት አጓጓዡ ተጠያቂ ነው ይላል። ከተጠያቂነት የሚድነው ጉዳቱን ለመከላከል በአግባቡ የሚጠበቅበትን ሁሉ ማድረጉን ወይም ማድረግ አለመቻሉን ካስረዳ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 ደግሞ በሚመለከታቸው በረራዎች ላይ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሳ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የኅብረቱ ፍርድ ቤት አንድ ወሳኝ ነገር ጨመረበት። የመጀመሪያው በረራ የዘገየው ትንሽ ቢሆንም፣ በዚያ ምክንያት ተያያዡ አምልጦ መንገደኛው መጨረሻው መዳረሻ ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ ካሳው ይገባዋል አለ። አየር መንገዱ የሚድነው ከአቅሙ በላይ የሆነ ምክንያት ሲያቀርብ ነው። በዚህ ዓይን ስናየው፣ ልጁን የለውጥ ክፍያ ማስከፈል ተራ ስህተት አይደለም። ባለዕዳው ባለመብቱን ማስከፈሉ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ደርሶ መልስ ትኬትን ይመለከታል።

አንዲት እናት ልጃቸው ልትወልድ ነው። ጊዜው ደርሷል። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሲሄዱ መንገድ ላይ የመኪና አደጋ ደርሶ መንገዱ ተዘጋ። እሳቸው አልተጎዱም፤ ግን የቼክ-ኢን ሰዓት አለፈባቸው። ደወሉልኝ። አውሮፕላኑ ገና አልተነሳም ነበር። በፊት ቢሆን ያኔውኑ ትኬታቸውን ከዚያ በረራ አውጥቼ ወደ ነገው በረራ አዛውረው ነበር። ከሰርኩላሩ በኋላ ጥሪ ማዕከል ደውሉ ከማለት በቀር አማራጭ አልነበረኝም። ደወሉ። «ወረፋዎ እየተጠበቀ ነው» የሚለውን ሲሰሙ አውሮፕላኑ ተነሳ። ልጃቸው ምጥ ላይ ስለሆነች መጠበቅ አልቻሉም። የሌላ አየር መንገድ ትኬት ገዝተው ሄዱ። በሰላም ደረሱ፣ ልጅቱም በሰላም ተገላገለች።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሊመለሱ የእናንተ ካውንተር ቀረቡ። መመለሻቸው ተሰርዟል ተባሉ። ሙሉ ዋጋ ከፍለው የገዙት መመለሻ። ማንም አልነገራቸውም፤ ኢሜይልም መልእክትም አልደረሳቸውም። የደወሉት እኔ ጋ ነው። እያለቀሱ አልነበረም። በጣም ቀስ ብለው ነው ያወሩት። «ልጄ፣ ይህን ወንበር እኮ ከፍዬበታለሁ፤ ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ትኬት ለእያንዳንዱ በረራ በኩፖን በኩፖን የተከፋፈለ ነው፣ የመጀመሪያው ኩፖን ካልበረረ ቀሪው በራሱ ይሰረዛል፣ ውሉ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል ብዬ አስረዳኋቸው። ትክክል ነው፣ ተጽፏል። ለምን እንደተጻፈም እናውቃለን። ርካሹን ደርሶ መልስ ገዝቶ አንዱን ጉዞ ብቻ የሚጠቀም ሰው ስላለ ነው። ታዲያ ለእንደዚያ ያለ ሰው የተቀመጠ ወጥመድ መንገድ የተዘጋባትን እናት ለምን ይይዛል?

ይህን የምንጠይቀው እኛ ብቻ አይደለንም። የጀርመን ከፍተኛ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 አየር መንገዶች በውላቸው ውስጥ ያስገቡትን ይህን ዓይነት አንቀጽ ውድቅ አድርጓል። የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 አግባብ ያልሆነ የውል ቃል ነው ብሎታል። መንገደኛው የገዛውን አንድ ክፍል አለመጠቀሙ የቀረውን ለመንጠቅ በቂ ምክንያት አይደለም ነው ነገሩ። ደግሞም የቀረው ሰው ወንበር ሁሌ ባዶ አይሄድም። መንገደኛ እንደሚቀር አስቀድማችሁ ስለምታሰሉ ከወንበሩ ቁጥር በላይ ትሸጣላችሁ፤ በመጨረሻም ስታንድባይ ያለው ይገባል። የእኚህ እናት ወንበር ላይ ሌላ ከፋይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ኪሳራው የእናንተ ሳይሆን ቅጣቱ የእሳቸው ሆነ።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደኝ ነው።

አንድ አዛውንት አባት በዊልቸር ይሄዳሉ። ዊልቸሩ ይቀርብ ዘንድ ትኬቱን ስቆርጥ አብሬ አስገብቻለሁ፤ ማረጋገጫውም መጥቷል። ተያያዥ በረራ አላቸው፤ መሀሉ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓቱ አረፈ። ሰዉ ሁሉ ወረደ። እሳቸው እንደተነገራቸው ወንበራቸው ላይ ጠበቁ። የጽዳት ሠራተኞች ገቡ። ጠረጉ፣ ብርድ ልብስ ሰበሰቡ፣ የወንበር ኪሶችን ፈተሹ፣ ወጡ። አሁንም ዊልቸር የለም። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ አብራቸው ቆማ ሦስት ጊዜ ደወለች። በመጨረሻ ዊልቸር የሚገፋ ሠራተኛ መጣና እስከ አውሮፕላኑ በር ማዶ ወሰዳቸው። እዚያ «ሌላ ሰው ይመጣል» ብሎ ግድግዳ ጥግ አቁሟቸው ሄደ። ሌላ ሰው ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው የመጣው። ከእሳቸው ፊት ለፊት የበረራ ሰሌዳ ነበር። የራሳቸው በረራ «መሳፈር ተጀምሯል»፣ ከዚያ «የመጨረሻ ጥሪ»፣ ከዚያ «ተዘግቷል» ሲል ቁጭ ብለው ያነቡ ነበር። ቆመው መሄድ አይችሉም። የሚጠሩትም ሰው በአጠገባቸው አልነበረም።

ሲስተሙ ላይ ምን ተባሉ? ኖ-ሾው።

እኚህ ሰው አልቀሩም። በሩ ሲዘጋ በሕንጻው ውስጥ ነበሩ። ለመንቀሳቀስ የሚሆናቸውን እርዳታ አስቀድመው ጠይቀዋል፣ ተቀባይነት አግኝተዋል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 1107/2006 ይህ እርዳታ ከክፍያ ነጻ የሆነ መብት ነው፤ ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ይበቃል። ዊልቸሩን የሚገፋው የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኛ ነው እንጂ የእኛ አይደለም ትሉ ይሆናል። ለመንገደኛው ልዩነት የለውም። ትኬት የሸጣችሁለት እናንተ ናችሁ። ተከራከሩ ቢባል ተከራካሪዎቹ እናንተና አውሮፕላን ማረፊያው ናችሁ፤ እሳቸው መሀል ላይ መቆም የለባቸውም።

በዚያ ሌሊት ካውንተሩ ቢኖር ምን ይሆን ነበር? ይህን መገመት አያስፈልገኝም። እዚያ ሌሊት ሌሊት ትሠራ የነበረች አንዲት ሠራተኛችሁን ለዓመታት በስልክ አውቃታለሁ። ፊቷን አይቼው አላውቅም። በረራ ያመለጠው ሰው ሲመጣባት መጀመሪያ የምትጠይቀው ስም ወይም ትኬት አልነበረም። «ውሃ ጠጥተዋል?» ትል ነበር። ከዚያ «ይቀመጡ፣ እናየዋለን» ትላለች። ከዚያ ትኬቱን ትከፍታለች፣ ወንበር ትፈልጋለች፣ መመለሻው እንዳይሰረዝ ማስታወሻ ታስገባለች፣ የዘገየው አውሮፕላን ከሆነ የሆቴልና የምግብ ኩፖን ትሰጣለች። ካስፈለገ እኛ ጋ ትደውላለች። እኛ ደግሞ ቤተሰቡ ጋ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሰውየው ጉዳይ መልክ ይይዛል። ይህች ሠራተኛ አሁን ቀን ቀን ሻንጣ መመዝገቢያ ላይ ናት። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ የእሷን ሥራ አይሠራም። የጥሪ ማዕከሉን ልጆችም አንወቅስም። የተሰጣቸውን ወረቀት ነው የሚያነቡት፤ ሥልጣን አልሰጣችኋቸውም።

ከእነዚህ ሌላ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። ቦርዲንግ ፓሳችሁ ላይ በትልቁ የተጻፈው የመነሻ ሰዓት ነው። በሩ የሚዘጋበት ሰዓት ግርጌ ላይ፣ ለዓይን በሚያስቸግር ፊደል ነው ያለው። መንገደኛ የሚያየው ትልቁን ነው። ትልቁን አይቶ ይቀመጣል፣ ሻይ ያዛል፣ ያመልጠዋል። ሌላው የእኩለ ሌሊት በረራ ነው። ትኬት ላይ «ማክሰኞ 00፡30» የሚል ሰው ሰኞ ማታ መሄድ አለበት። ብዙ ሰው ግን ማክሰኞ ማታ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን አልፎታል። እኛ ጋ የቆረጠውን ሰው ትኬቱ ላይ በእስክሪብቶ «ሰኞ ማታ ይሂዱ» ብለን እንጽፍለታለን። በስልኩ የቆረጠውን ማን ይንገረው? በመልእክት አንድ መስመር መጨመር ምን ያስከፍላችኋል?

የታክስም ነገር አለ። ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት ቢሆንም፣ ውስጡ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያና የመንግሥት ክፍያዎች አሉ። መንገደኛው ስላልበረረ ብዙዎቹ እነዚህ ክፍያዎች አይከፈሉም። ስለዚህ ለመንገደኛው መመለስ አለባቸው። እናንተ ግን የምትመልሱት ለጠየቀ ብቻ ነው። መጠየቅ እንደሚቻል የሚያውቅ ደግሞ ጥቂት ነው። ያልተጠየቀው ገንዘብ እናንተ ጋ ይቀራል። ይህ የእናንተ ገንዘብ አይደለም።

የመጨረሻው ጉዳይ የማረጋገጫ ወረቀት ነው። በረራ ያመለጠው ሰው ለአሠሪው፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለኢንሹራንሱ የሚያሳየው ወረቀት ያስፈልገዋል። በረራ ቁጥሩ ይህ ነው፣ የዘገየው በዚህን ያህል ነው፣ መንገደኛው በዚህ ሰዓት ቀርቧል የሚል ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ። የጉዞ ኢንሹራንስ ያለዚህ ወረቀት ብዙ ጊዜ አይከፍልም። በፊት ካውንተሩ ላይ ይሰጥ ነበር። አሁን በኢሜይል ጠይቁ ይባላል። ተማሪው የጠየቀው ወረቀት ሲደርሰው የኢንሹራንሱ የማመልከቻ ጊዜ አልፎ ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የትራንዚት አዳራሹ የሌሊት ካውንተር ይከፈት። አንድ ሰው ይበቃል፤ ነገር ግን ትኬት የመቀየር፣ ክፍያ የማንሳት፣ ሆቴል የመስጠት ሥልጣን ያለው ይሁን። የመጨረሻው በረራ አርፎ የመጨረሻው ተያያዥ መንገደኛ እስኪሸኝ ይቆይ። ሰሌዳው ይቆይ ካላችሁ ይቆይ፤ ቁጥሩ ግን ከየትኛውም አገር ስልክ የሚሠራ ይሁን።

ወኪሎች ትኬት እንዳናስተካክል የከለከለው የሰርኩላሩ ክፍል ይነሳ። አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት መንገደኛ ደውሎ ካሳወቀን ያኔውኑ ትኬቱን ከበረራው አውጥተን ማስቀመጥ መቻል አለብን። ማጭበርበር ያሳስባችኋል ከተባለ፣ የምንሠራው ሁሉ ከነስማችንና ከነሰዓቱ ሲስተሙ ላይ ይመዘገባል። መርምሩት። ያጠፋ ካለ ቅጡ።

የደርሶ መልስ ትኬት መሄጃው ስላመለጠ ብቻ መመለሻው በራሱ አይሰረዝ። ቢያንስ 24 ሰዓት ይጠበቅ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለመንገደኛው በስልኩ መልእክት ይላክለት፤ «መመለሻዎን ይጠቀሙበታል?» ተብሎ ይጠየቅ። እጠቀምበታለሁ ያለ ሰው ወንበሩ ይጠበቅለት። ለእኚያ እናት ደግሞ በመመለሻቸው ቀን ድጋሚ የከፈሉት ይመለስላቸው።

የዘገየው የእናንተ አውሮፕላን ሲሆን፣ መንገደኛው ጌቱ ጋ ከመድረሱ በፊት አዲሱ በረራ ተይዞለት መልእክት ይድረሰው። የለውጥ ክፍያ የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይነሳ። ከተማሪው የተቆረጠው ይመለስ።

የእርዳታ ዊልቸር ዘግይቶ በረራ ያመለጠው ሰው ኖ-ሾው ተብሎ አይመዝገብ። የአጓጓዡ መዘግየት ተብሎ ይመዝገብ፤ መብቱም እንደዚያ ይጠበቅለት። እርዳታ የጠየቀ መንገደኛ ተያያዥ በረራ ካለው፣ እስኪሳፈር ድረስ ብቻውን ጥግ ላይ የማይተወው አንድ ኃላፊ ይመደብለት። አዛውንቱን ይቅርታ ጠይቁ። በደብዳቤ ሳይሆን ደውላችሁ።

ቦርዲንግ ፓስ ላይ በሩ የሚዘጋበት ሰዓት ከመነሻው ሰዓት እኩል በትልቁ ይጻፍ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚነሳ በረራ የሚሄዱበት ማታ ተጠቅሶ መልእክት ይላክ። ያልበረረ መንገደኛ የሚመለስለት ታክስ ሳይጠይቅ በከፈለበት መንገድ ይመለስለት። የመዘግየት ማረጋገጫ ወረቀት ካውንተር ላይ በዕለቱ ይሰጥ።

የሦስቱን መንገደኞች የትኬት ቁጥር፣ ቦርዲንግ ፓስና የደወልንበትን ሰዓት ይዘናል። እነሱም ስማቸው ለእናንተ እንዲሰጥ ፈቅደዋል፤ እዚህ ያልጻፍነው ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ነው። በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልን፣ ከዚያም በፊት ቢሆን ቀን ቆርጣችሁ እንድታነጋግሩን እንጠይቃለን። ለስብሰባው ያቺን የሌሊት ካውንተር ሠራተኛም ጥሯት። ሥራውን ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ከአክብሮት ጋር

የወኪል ቢሮ ትኬት ቆራጭ፣
በሥራ ባልደረቦቹና በረራ ባመለጣቸው ደንበኞቹ ስም